ትረካው ሮጠ፣ ትሉ ቀረ፦ ለ4ኛ ክፍል ምን ይሻላል?

ሰላም መምህራን። ደሴ፣ 4ኛ ክፍል፣ 52 ተማሪ። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ አባጨጓሬ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነችበት ባለ 8 ምዕራፍ የልጆች ልቦለድ እናነባለን፤ በሳይንስ የጎመን ቢራቢሮ እናረባለን። በሳምንት 2 ምዕራፍ እያነበቡ ለውጡን በዓይን ማየት ነበር ሐሳቡ። አልገጠመም።

አንዱ ብርዱ ነው። በመጽሐፉ ለውጡ በአንድ ሌሊት ያልቃል፤ የእኛው ፑፓ (ትሉ ወደ ቢራቢሮ የሚለወጥበት ሽፍን ደረጃ) 3 ሳምንት ሞልቶት እንዳለ ነው። ሦስት አፅቄ (ነፍሳት) ሙቀት የሚያገኘው ከአካባቢው ስለሆነ የጦሳ ተራራ ብርድ ያዘገየዋል። ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ የምናረባበት ሃይላንድ (የፕላስቲክ ጠርሙስ) እንደ ምድጃ ይግላል።

ሁለተኛው ይብሳል። የ2 ሊትር ሃይላንድ አናቱን ቆርጠን በሻሽ ሸፍነናል፤ ከስሩ ወረቀት አንጥፈን ቅጠሉን በየጠዋቱ እንቀይራለን። ሻጋታው በዚህ ቀርቷል። ግን ከ10 ትል የ6ቱ ጎን ላይ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ቢጫ የሐር ከረጢቶች ይደረደሩና ትሉ ይሞታል። ልጆቹ «እንቁላል ጣለች!» ይላሉ። የጥገኛ ተርብ ከረጢቶች ናቸው፤ ተርቧ ትሉን ገና ትንሽ ሳለ ወግታ እንቁላሏን ውስጡ ጥላለች። ስለዚህ ያደገ ትል ከጓሮ ማምጣቱን ትቼ፣ ከቅጠል ስር ቢጫውን የቢራቢሮ እንቁላል ለቅሜ ልጀምር ነው። በገበያ ጎመን አይሆንም፣ መድኃኒት የተረጨበት ይኖራል።

የለውጡን ምዕራፍ ላቆየው ወይስ አንብበን ልዩነቱን በሠንጠረዥ ይመዝግቡ? ተርቧንስ ክፉ ገጸ ባሕርይ ሳላደርጋት ከንባቡ ጋር እንዴት ላገናኛት? ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል፣ እዚያ የሞከራችሁ ፑፓው ስንት ቀን እንደፈጀ ንገሩኝ።