የልጆች ሳይንስና ኮዲንግ በቤተ መጻሕፍት፦ ምን ይገዛ፣ ምን ይቆይ?

በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል የምትሠራ ወዳጄ ሰሞኑን ደወለችልኝ። «የሳይንስና የኮዲንግ ሰዓት ልንጀምር ነው። ያለን ኮምፒውተር አራት ነው። ልጅ ግን ሃያም ሊመጣ ይችላል፣ አምስትም። ምን ልግዛ?» አለችኝ። ኮዲንግ ማለት ለኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍ ነው። ለእሷ የነገርኳትን እዚህም ላስፍረው። ብዙውን በበጎ ፈቃድ ሳገለግል በእጄ ሞክሬዋለሁ።

ቤተ መጻሕፍት ትምህርት ቤት አይደለም። ባለፈው ሳምንት የመጣው ልጅ ዛሬ ላይመጣ ይችላል። የስድስት ዓመቷ ታናሽ ደግሞ የአሥራ ሁለት ዓመት ወንድሟን ተከትላ ከች ትላለች። ስለዚህ ዕቃ የምመዝነው በሁለት ጥያቄ ነው። ልጁ የመጀመሪያውን ውጤት በስንት ደቂቃ ያያል? ሰዓቱ ሲያልቅስ ዕቃው በስንት ደቂቃ ተሰብስቦ ይቆጠራል?

ሁለተኛውን ጥያቄ የተማርኩት ተቀጥቼ ነው። አንድ ጊዜ ከብዙ ቁርጥራጭ የሚገጣጠም ሮቦት አስገዛሁ። ሳጥኑ ሲከፈት ልጆቹ በደስታ ጮኹ። እስኪገጣጠም ግን ሰዓቱ አለቀ፤ ጎማው አንዴም ሳይዞር ተፈታ። በሦስተኛው ሳምንት ግማሹ ብሎን የት እንደገባ አልታወቀም። አንዱን መዝገበ ቃላት ውስጥ አገኘነው። ዕቃው መጥፎ ሆኖ አይደለም። በየሳምንቱ ለሚመላለስ ትንሽ ቡድን ግሩም ነው። ገባ ወጣ ለሚል ልጅ ግን አይሆንም።

ምንም ሳትገዙ መጀመርም ትችላላችሁ። «ሲኤስ አንፕላግድ» የሚባል፣ በኒውዚላንዱ ካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ የተሰናዳ ነፃ የጨዋታ ስብስብ አለ። ኮምፒውተር ሳይነካ የኮምፒውተር ሳይንስን ሐሳብ ያስተምራል። ከውስጡ የነጥብ ካርዶቹን የሚያህልብኝ የለም። አምስት ካርድ ቆርጣችሁ 16፣ 8፣ 4፣ 2 እና 1 ነጥብ ሣሉባቸው። አምስት ልጆች ካርዳቸውን ይዘው ይሰለፉ፣ ሌሎቹ ቁጥር ይጥሩ። «19!» ሲባል ባለ 16፣ ባለ 2 እና ባለ 1 ካርዳቸውን ያሳያሉ፣ የቀሩት ሁለቱ ይገለብጣሉ። ከ0 እስከ 31 ያለው ቁጥር ሁሉ በአምስት ካርድ ይወጣል። ከዚያ «ስድስተኛ ካርድ ቢኖረን ስንት ነጥብ ይኖረው ነበር?» ብላችሁ ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው። (32 ነው። ወላጆችም ይሳሳታሉ።)

ለአራቱ ኮምፒውተር ስክራች የሚባለው የልጆች የኮዲንግ ፕሮግራም ይበቃል። ከአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ከኤምአይቲ ሚዲያ ላብ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ፣ ነፃ፣ ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች የታሰበ ነው። ትእዛዙ በብሎክ እየተጎተተ ስለሚገጣጠም የፊደል ግድፈት ሥራውን አያቆምም። በአማርኛም ይሠራል። ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት ቦታ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ዓይነት አለ። ሁለት ሁለት ልጅ አስቀምጡ፤ አንዱ ማውስ ይያዝ፣ አንዱ ይምራ፣ በየአምስት ደቂቃው ይቀያየሩ። አለበለዚያ ማውሱን የያዘው አይለቅም።

ማንበብ ላልጀመሩት ታብሌት ካለ የስክራች ታናሽ የሆነው ስክራች ጁኒየር ጥሩ ነው፤ ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉት የተሠራ ነው። ታብሌት ከሌለ ግን ቢቦትን እመርጣለሁ። ንብ የምትመስል የወለል ሮቦት ናት። ጀርባዋ ላይ ቀስቶቹን ሲጫኗቸው በየእርምጃው 15 ሴንቲሜትር ትሄዳለች፣ 90 ዲግሪ ትዞራለች። የተረት ሥዕሎችን ወለሉ ላይ ደርድሩና ልጁ ንቧን በታሪኩ ቅደም ተከተል ይንዳት። ዋጋዋ ግን ቀላል አይደለም፣ አንድ ለስድስት ልጅ ይበቃል።

ለመግዛት አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል ሜኪ ሜኪ የምትባለውን ባለ ገመድ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ እላለሁ። በዩኤስቢ ይሰካል፤ ኮምፒውተሩ ኪቦርድ ስለሚመስለው የሚጫን ነገር የለም። አንዱን ገመድ ልጁ ይይዘዋል፣ ሌላውን ሙዝ ላይ ይቆነጥጡታል። ሙዙን ሲነካ የኤሌክትሪኩ መንገድ ዙሪያውን ይገጥማል፤ ኮምፒውተሩም ቁልፍ የተጫነ ይመስለዋል። ስክራች ላይ ድምፅ ካያያዛችሁለት ሙዙ ፒያኖ ሆነ ማለት ነው። ውኃ፣ ሊጥ፣ በእርሳስ ደመቅ ተደርጎ የተሣለ መስመርም ይሠራሉ። ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው የመጨረሻው ሲነካ ድምፁ ይወጣል። ኤሌክትሪክ በዑደት ይሄዳል የሚለውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አላየሁም።

ርካሽ የሳይንስ ሥራ ከፈለጋችሁ የወረቀት ሰርኪት፣ ማለትም ወረቀት ላይ የሚለጠፍ የኤሌክትሪክ ዑደት አለ፦ የመዳብ ቴፕ፣ ትንሽ ኤልኢዲ አምፖልና ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ። የአምፖሉ ረጅም እግር ወደ ባትሪው ፕላስ ይሄዳል። ካልበራ ገልብጡት። እዚህ ላይ ግን አልቀልድም። ያቺ ክብ ባትሪ ከተዋጠች ጉሮሮን በሁለት ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቀን አታውጧት። ስትሰጡም ስትሰበስቡም ቁጠሩ፤ አንዲት ከጎደለች በሩ አይከፈት። ሕፃን ውጧት ከተጠረጠረ የሚሄደው በቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ማይክሮቢትን ብዙ ሰው መጀመሪያ ይገዛዋል። እኔ ሁለተኛ አደርገዋለሁ። 4 በ5 ሴንቲሜትር የሆነች፣ ኮድ የሚጫንባት ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ናት፤ 25 መብራት፣ ሁለት ቁልፍ፣ እንቅስቃሴና ሙቀት መለኪያ አላት። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ያለችው ማይክሮፎንና ድምፅ ማውጫም ጨምራለች። ልጅ ሲነቀንቃት ቁጥር የምታወጣ ዳይስ በሃያ ደቂቃ ይሠራባታል። ሜክኮድ በሚባለው የኮዲንግ ድረ ገጽ ላይ ሰሌዳዋ ስክሪን ላይ ስለምትታይ፣ አንድ ብቻ ብትኖራችሁም ልጆቹ ሠርተው ተራ በተራ ይጭኑባታል።

ትልቁ ጥቅሟ ግን ሌላ ነው። በእንግሊዝ እንዳደረጉት ቤተ መጻሕፍት እንደ መጽሐፍ ሊያውሳት ይችላል። ቤት ወስዶ ከእህቱ ጋር የሚነካካት ልጅ በአንድ ሰዓት የማያገኘውን ያገኛል። በትንሽ ቦርሳ አድርጉና የዕቃውን ዝርዝር ላዩ ላይ ለጥፉ፦ አንድ ማይክሮቢት፣ አንድ ገመድ፣ አንድ የባትሪ ማቀፊያ። ሲመለስ ሁሌ የሚጎድለው ገመዱ ነው። ትርፍ ግዙ።