በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ዙሪያ ያሉትን የአርሲ መኪና ክለቦች ወደ አንድ ጠንካራ የውድድር ማኅበረሰብ እንዴት ማምጣት ይቻላል?

ሦስተኛ ማርሽ፦

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ ሲሆን፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ፣ የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ (1/10) መጠን ያላቸው አርሲ መኪኖችን (በሬዲዮ ከርቀት የሚነዱ ትንንሽ መኪኖችን) በብርዱ ወራት ቤት ውስጥ በምንጣፍ ትራክ፣ ሲሞቅ ደግሞ ውጭ በአስፋልት ላይ እወዳደራለሁ። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ክለቦቻችን እርስ በርስ ያላቸውን ግንኙነት የሚመለከት ነው።

ከሜሪላንድ ተነሥቶ ቨርጂኒያን፣ ደላዌርንና ደቡባዊ ፔንሲልቬኒያን ጨምሮ በቅዳሜ ጠዋት ተነድቶ የሚደረስባቸው በርካታ ትራኮች አሉ፤ ተወዳዳሪም ጠፍቶ አያውቅም። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ክለብ የሚመራው በየራሱ ደንብ ነው። አንዱ ጋ የሚፈቀደው ጎማ ሌላው ጋ ይከለከላል፤ አንዱ በ17.5 ሞተር (ቁጥሩ በሞተሩ ውስጥ ያለውን የሽቦ ጥምጥም ብዛት ያሳያል) ሲያወዳድር ጎረቤቱ 21.5 ካልሆነ አይቀበልም፤ ዋና ዋናዎቹ ውድድሮች ደግሞ በአንድ ቅዳሜ ይደራረባሉ። በአብዛኛው ቦታ አንድ ምድብ የሚከፈተው ቢያንስ ሦስት መኪኖች ሲመዘገቡ ስለሆነ፣ ሁለታችን እዚህ፣ ሁለታችን እዚያ ስንገኝ በሁለቱም ቦታ ምድቡ ይሰረዛል፤ አራታችንም መኪናችንን እንደጫንን ወደ ቤታችን እንመለሳለን።

የቤት ውስጥ ትራክ ሰፊ መጋዘን ይፈልጋል፤ የመጋዘን ኪራይ ደግሞ የተወዳዳሪ ቁጥር በቀነሰ ጊዜ አይቀንስም። ስለዚህ ይህ መበታተን ዛሬ ያሉንን ትራኮች ነገ እንዳያሳጣን እሰጋለሁ። ልምድ ያላችሁ ሰዎች ከየት መጀመር እንዳለብን ብትነግሩኝ እወዳለሁ፦ ከደንቡ፣ ከውድድር ቀናቱ ወይስ ከሰዉ?

የምንጣፍ ትራክ፦

ወንድም ሦስተኛ ማርሽ፣ ጥያቄዎ በጊዜው የመጣ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ውድድር በመምራት ካገኘሁት ልምድ ተነሥቼ ስመልስ፣ መጀመር ያለብን ከአንድ የጋራ ምድብ ነው እላለሁ። ሁሉንም ምድቦች በአንድ ጊዜ እናስማማ ካልን ስብሰባው አያልቅም፤ አንዱን ብቻ መርጠን በሁሉም ትራክ በአንድ ዓይነት ደንብ ካስኬድነው ግን ሌላው ቀስ በቀስ ይከተላል።

ለዚህ የሚስማማው፣ በአሜሪካ በብዙ ቦታ የሚካሄደው የቪንቴጅ ትራንስ አም ምድብ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተጀመረውን የእውነተኛ መኪኖች የትራንስ አም ውድድር ዘመን የሚያስታውሱ እንደ ማስታንግና ካማሮ ያሉ ቦዲዎች ይገጠሙበታል፤ ሞተሩ ብሩሽ አልባ 25.5 ተርን (ጥምጥም) ነው፤ ባትሪው ባለሁለት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ነው፤ ጎማውም ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። በሞተሩ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥምጥም ሲበዛ የሚሽከረከርበት ፍጥነት ስለሚቀንስ፣ 25.5 ሞተር ጀማሪው ሊቆጣጠረው የሚችለው መኪና ይሆናል፤ ልምድ ላለው ሰው ደግሞ ኃይል ተጠቅሞ ስሕተቱን ማካካስ ስለማይችል፣ ኩርባ ላይ ፍጥነት ሳያባክን የመንዳት ችሎታውን ይፈትንበታል። የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ስፒድ ኮንትሮለርም ለሞተሩ ተጨማሪ ታይሚንግ (ሞተሩን ይበልጥ የሚያፈጥን ማስተካከያ) በማይሰጥበት አቀማመጥ ላይ መሆን አለበት፤ በዚያ አቀማመጥ ላይ ሲሆን መብራቱ ብልጭ ድርግም ስለሚል ተቆጣጣሪው መኪናውን ሳይፈታ በዓይኑ አይቶ ያረጋግጣል።

ደንቡ አንዴ ከተጻፈ ማላላት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2008 ትራክሳስ ስላሽ የተባለው መኪና በወጣ ጊዜ ሰዎች ከካርቶኑ አውጥተው፣ ባትሪውን ሞልተው በቀጥታ ወደ ትራክ ያመጡት ነበር፤ ሁሉም ተመሳሳይ መኪና ስለያዘ ልዩነቱ የነጂው ብቻ ሆነ፣ የምዝገባ ወረቀቱም ሞላ። ከዚያ በኋላ ሌሎች አምራቾች ለውድድር ብለው የሠሯቸውን፣ እንደ ስላሹ የፒክአፕ ቅርጽ ያላቸውን የሾርት ኮርስ መኪኖች አመጡ፤ እኔ ባየኋቸው ክለቦች ሁለቱ ዓይነቶች በአንድ ምድብ ተቀላቀሉ፤ ያኔ ስላሹን ይዞ የመጣው ሰው በየሳምንቱ ከኋላ እየቀረ መምጣቱን ተወ። ተወዳዳሪ ላለማስቀየም ተብሎ የተፈቀደው ነገር ብዙዎቹን ተወዳዳሪዎች አሳጣ።

የውድድር ቀናቱን በተመለከተ ደግሞ፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች ስድስት ዙር ያለው ሻምፒዮና ቢኖረን፣ እያንዳንዱ ክለብ በተራው አስተናግዶ በዚያ ቅዳሜ ሌሎቹ ክለቦች ውድድር ባይጠሩ ይበቃል። ነጥብ ሲደመር ከስድስቱ አራቱ ምርጥ ውጤቶች ብቻ ቢያዙ፣ ሥራና ቤተሰብ ያለበት ሰው ሁለት ዙር ቢያመልጠውም ከፉክክሩ አይወጣም።

ካቻቢቴ፦

የምንጣፍ ትራክ ያሉትን አከብራለሁ፤ በቅደም ተከተሉ ግን አልስማማም። በእኔ አስተያየት ሰው ክለብን የሚተወው በደንብ መለያየት የተነሣ አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ የውድድር ምሽቶች የሚያናግረው ሰው ባለማግኘቱ ነው።

አንድ አዲስ ሰው ወደ ትራክ ሲመጣ ምን እንደሚገጥመው በቅርበት ተመልከቱ። ትራንስፖንደር የለውም፤ መኪናው ውስጥ ያለች ያቺ ትንሽ ዕቃ የራሷን ቁጥር በምንጣፉ ስር ለተዘረጋው ሽቦ ካልላከች ኮምፒውተሩ አንድም ዙር አይቆጥርለትም። ባትሪውን የሚሞላበት፣ እሳት የሚቋቋም የሊፖ ከረጢት እንዲይዝ ማንም አልነገረውም። በማጣሪያው መኪኖቹ የሚለቀቁት አንድ በአንድ ስለሆነና እያንዳንዱ ነጂ የሚወዳደረው ከሰዓቱ ጋር ስለሆነ፣ ከኋላው የመጣውን ፈጣን መኪና ማሳለፍ ምንም እንደማይጎዳው አያውቅም፤ ስለዚህ መንገድ ይዘጋል፣ ከነጂዎች መቆሚያው ላይም ይጮሁበታል። በሁለተኛው ደቂቃ መኪናው ከግድግዳው ጋር ተላትሞ የፊት ጎማውን የሚይዘው ክንድ ይሰበራል፣ መለዋወጫ የለውም። ተበሳጭቶ ወደ ጠረጴዛው ሲመለስ፣ ሂቱን (የራሱን ቡድን ተራ) የጨረሰ ሰው ለሚቀጥለው ሂት ማርሻል ሆኖ የተገለበጡ መኪኖችን ማንሣት እንዳለበት ስላልተነገረው በድምፅ ማጉያ ስሙ ይጠራል፤ በብዙ ክለብ ደግሞ ማርሻል አለመቆም ውጤት ያሰርዛል። እንዲህ ያለ ምሽት ያሳለፈ ሰው ስድስት ዙር ያለው ሻምፒዮና ተዘጋጅቶልሃል ቢባል አይመለስም።

ስለዚህ በየክለቡ አዲስ የመጣን ሰው አጠገቡ አስቀምጦ የሚያስተናግድ፣ በደንብ የሚታወቅ አንድ አባል ይመደብ። ክለቡ የሚያውሳቸው ጥቂት ትራንስፖንደሮች ይኑሩ። ፈጣኖቹ ነጂዎች የመኪናቸውን አስተካከል በወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ ይህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉም በላይ የአካባቢን ደረጃ ከፍ ያደርጋል ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም አንድ ነጂ ብቻውን በፈጠነበት ቦታ እሱን የሚገፋው ሰው ስለማይኖር እሱም እዚያው ይቀራል። ሂቶቹም ሲደለደሉ በነጂው ፍጥነት ይሁን፤ አዲሱ ሰው በእሱ አቅም ካሉት ጋር ሲነዳ የሚታገለው ያገኛል።

የበርሚንግሃም ነዋሪ፦

ከእንግሊዝ ነው የምጽፈው። ሁለታችሁም የተናገራችሁት እዚህ በአንድነት ሲሠራ ስላየሁ ጥቂት ልጨምር።

እዚህ ብዙዎቹ ክለቦች የራሳቸው ቋሚ ቦታ የላቸውም። የትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ለአንድ ምሽት ተከራይተው፣ አባላቱ ቀደም ብለው መጥተው የምንጣፍ ጥቅሎቹን ይዘረጋሉ፣ መጋጠሚያዎቹን በፕላስተር ያያይዛሉ፣ የሰዓት መቁጠሪያውን ሽቦ በምንጣፉ ስር ያሳልፋሉ፣ የትራኩን ጠርዞች ይደረድራሉ፤ ማታ ውድድሩ ሲያልቅ ያንኑ ሁሉ ጠቅልለው ይጭናሉ። ሦስተኛ ማርሽ የጠቀሱትን የኪራይ ጭንቀት በእጅጉ የሚያቀለው ይህ ነው፤ በተጨማሪም አብሮ ምንጣፍ የተሸከመ ሰው ክለቡን የራሱ አድርጎ ያየዋል። አካባቢያችሁ ባሉ አብያተ ክርስቲያናትና የማኅበረሰብ ማዕከላት አዳራሾች ይህን መሞከር የሚቻል ይመስለኛል።

ክለቦቹን የሚያስተሳስራቸው የብሪታንያ የሬዲዮ መኪና ማኅበር ነው። ተወዳዳሪው ለማኅበሩ የአባልነት ክፍያ ሲከፍል ኢንሹራንሱ አብሮ ይመጣል፤ አዳራሽ አከራይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ደግሞ ኢንሹራንሱን ነው። የክልል ሻምፒዮናዎች በተለያዩ ክለቦች እየዞሩ ስለሚካሄዱ የአንዱ ከተማ ነጂ የሌላውን ከተማ ትራክ ያውቃል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1967 የተመሠረተው ሮር የተባለው የአርሲ ውድድር ማኅበር ለአባል ክለቦች ኢንሹራንስ ያቀርባል፣ አገሩንም በክልሎች ይከፋፍላል፤ ስለዚህ አዲስ ማኅበር ከማቋቋማችሁ በፊት ያለውን መጠቀም ይቀላችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልበል። እ.ኤ.አ. በ1987 የ1/10 ኤሌክትሪክ ኦፍ ሮድ (ከአስፋልት ውጭ የሚካሄድ) የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው በደቡብ እንግሊዝ ሮምዚ በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር፤ በኋላ 14 የዓለም ሻምፒዮናዎችን ያሸነፈው ጃፓናዊው ማሳሚ ሂሮሳካ በባለአራት ጎማ ድራይቭ ምድብ የመጀመሪያውን ያገኘው እዚያ ነው። ለትልቅ ውድድር ትልቅ ከተማ ግዴታ እንዳልሆነ ሁልጊዜ በዚህ ምሳሌ አስረዳለሁ።

የናሆም እናት፦

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ራሴ አልነዳም፤ የ13 ዓመት ልጄን ቅዳሜ ቅዳሜ ይዤ የምመላለስ እናት ነኝ። ወላጅ የሚያየውን ሁለት ነገር ልናገር።

የመጀመሪያው ወጪው ነው። መኪናው፣ ሬዲዮው፣ ቻርጀሩ፣ ባትሪዎቹና ትራንስፖንደሩ በአንድ ጊዜ ሲገዙ ለአንድ ቤተሰብ ከባድ ነው። እኛ አራት ቤተሰቦች ሆነን እቁብ ገባን፤ ዕጣው የወጣለት ቤተሰብ በዚያ ወር የልጁን ዕቃ ሙሉ በሙሉ ይገዛል። የምንጣፍ ትራክ እንዳሉት የጋራ ምድብ ቢኖር ደግሞ የተገዛው ዕቃ በየትኛውም ትራክ ስለሚሠራ፣ ወላጅ ክለብ በለወጠ ቁጥር ሌላ ሞተርና ሌላ ጎማ እንዲገዛ አይጠየቅም። ለእኛ የደንብ አንድነት ትርጉሙ ይህ ነው።

ሁለተኛው የውድድሩ ቀን ነው። ብዙ የሐበሻ ቤተሰብ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ውድድሩ እሑድ በተባለ ቁጥር ልጆቻችን ይቀራሉ። የቅዳሜውም ቢሆን የመጨረሻው ፍጻሜ እኩለ ሌሊት እየተቃረበ ከተካሄደ ልጅ ይዞ የመጣ ሰው ሳይጨርስ ይሄዳል። የልጆች ፍጻሜ ቀደም ብሎ ቢካሄድ ብዙ ቤተሰብ ይጨምራል ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛ ማርሽ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እህቴ የናሆም እናት የተናገሩት የሰዓት ጉዳይ በክለባችን ተነሥቶ አያውቅም፤ በሚቀጥለው ስብሰባ አቀርበዋለሁ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ከትራኮቹ የጥቂቶቹ ባለቤቶች የሆቢ ሱቅ (የአርሲ ዕቃ መሸጫ) ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ኪራያቸውን የሚከፍሉት ከመግቢያ ክፍያው ይልቅ ከሚሸጡት ጎማና መለዋወጫ ነው። የጋራ ጎማ ስንመርጥ እነሱ የማያስመጡት ከሆነ ከመጀመሪያው አይገቡበትም። እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ነው የሚያስማሙት?

የምንጣፍ ትራክ፦

ጥያቄዎ ትክክለኛውን ቦታ ነካ። ካቻቢቴ ስለ አዲስ ሰው አቀባበል የጻፉትንም ተቀብያለሁ፤ በሻምፒዮናው ደንብ ላይ አስተናጋጁ ክለብ የሚያውሳቸው ትራንስፖንደሮች እንዲኖሩት የሚጠይቅ አንቀጽ መግባት ይኖርበታል።

ጎማውን በተመለከተ፣ የሱቅ ባለቤቶቹ ከምርጫው በፊት መጠራት አለባቸው። ሁሉም ከአከፋፋያቸው ሊያስመጡት የሚችሉት ጎማ ብቻ ለምርጫ ይቅረብ፤ ከሁለቱ ወይም ከሦስቱ በጣም ፈጣኑ ባይመረጥም ቶሎ የማያልቀውና ሁሉም ሱቅ የሚያገኘው ይበልጣል። ውሳኔው በሞቃቱ ወራት መጨረሻ ተሰጥቶ እስከ ማርች አይለወጥ፤ ባለሱቁ ገዝቶ ያስቀመጠው ዕቃ መሸጡን እርግጠኛ ሲሆን ሻምፒዮናው የእሱም ጥቅም ይሆናል። ተወዳዳሪውም ጎማውን ከሚያስተናግደው ትራክ ሱቅ እንዲገዛ ቢበረታታ መልካም ነው።

የቁጥጥሩንም ነገር ከወዲሁ ብታስቡበት እመክራለሁ። ባለሁለት ሴል ሊፖ ሙሉ ሲሆን 8.4 ቮልት ነው፤ ሁለት ቮልቲሜትሮች ግን የአንዱን ባትሪ ቮልቴጅ በጥቂት ነጥብ አለያይተው ሊያነቡ ይችላሉ፤ ሚዛንም እንደዚሁ ነው። ባለፈው ሳምንት በሌላ ትራክ ያለፈ መኪና በዚህኛው ሲወድቅ፣ ተወዳዳሪው አድልዎ ተደረገብኝ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ስለዚህ የሻምፒዮናው የራሱ የሆኑ አንድ ሚዛንና አንድ ቮልቲሜትር ተገዝተው ከትራክ ወደ ትራክ ይዙሩ፤ ጠዋት ልምምድ ሲጀመርም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ማንም የፈለገ መኪናውንና ባትሪውን አስቀድሞ ይለካባቸው።