«የጂን ግልበጣን ይቆጣጠራሉ» ማለት ያስኬዳል?

ዘማራኪ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በማዘጋጀው የባዮሎጂ ማስታወሻ ውስጥ «የዕድገት ፋክተሮች የጂን ግልበጣን ይቆጣጠራሉ» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ፤ የዕድገት ፋክተር ሕዋስ እንዲያድግ ምልክት የሚሰጥ ፕሮቲን ነው፣ ግልበጣ ያልሁት ደግሞ ጂኑ ተነብቦ አር ኤን ኤ የተባለው ቅጂው ሲጻፍ ነው። «ይቆጣጠራሉ» የኬላ ፍተሻ ይመስላል። ፋክተሩ፣ ለምሳሌ ስታንሊ ኮኸን በ1986 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመበት ኢጂኤፍ፣ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያለውን ተቀባይ ይይዛል። ከዚያ መልእክቱ ፎስፌት እየተለጠፈ ከፕሮቲን ወደ ፕሮቲን ያልፋል። ኤርክ የተባለው ፕሮቲን ኒውክለስ ገብቶ ኤልክ 1 የተባለውን ጂን የሚያስነብብ ፕሮቲን ሲያነቃ፣ ፎስ የተባለው ጂን በደቂቃዎች ውስጥ ይገለበጣል፤ ብዙም ሳይቆይ ጋብ ይላል። ታዲያ ይህ መቆጣጠር ነው፣ ማዘዝ ነው ወይስ መቀስቀስ?

ዘበአታ፦ ከግሡ በፊት ስሙ ይመርመር። ጋን ሲገለበጥ ያለው ይፈስሳል፤ መንግሥት ሲገለበጥ ንጉሡ ይወድቃል። ጂኑ ግን ከተነበበ በኋላም እንዳለ ነው። «ቅጂ» ይባል፤ ከግእዙ «ቀድሐ» የመጣ ንጹሕ ቃል ነው።

ቁም ጸሐፊ፦ ወንድሜ፣ «ቀድሐ» እኮ ውኃ መቅዳት ነው። ከእንስራ የተቀዳ ከእንስራው ይጎድላል፤ ግልበጣን የከሰስህበት ነገር ቅጂንም ይይዘዋል። እኛ ብራና ስንጽፍ አብነቱን ዘርግተን፣ ቅጠሉን እየገለበጥን ነው። «ግልባጭ» ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ዘበአታ፦ «ይመስለኛል» በግስ ጉባኤ አያስኬድም። እኔ ግስ ያወረድሁ፣ ቅኔ የቆጠርሁ ሰው ነኝ።

የቀሓ ልጅ፦ ከ«ገልበበ» ቢሆንስ? ጂኑም ሂስቶን በተባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠቅልሎ የተሸፈነ ነው፤ ምልክቱ ሲደርስ ይገለጣል።

ዘበአታ፦ «ገልበበ» መሸፈን ነው እንጂ መግለጥ አይደለም! ጭራሽ ተቃራኒው።

እመ ላቦራቶሪ፦ አባቶቼ፣ ቁም ጸሐፊው ያነሡት «አብነት» ልቤን ነካው። አር ኤን ኤ ፖሊሜሬዝ ጸሐፊው ነው፤ የሚያነበው የዲኤንኤ ገመድ አብነቱ። የቢሮ ደብዳቤም ዋናው ከመዝገብ ሳይወጣ ግልባጩ ለብዙ ክፍል ይሄዳል፤ ከአንድ ጂንም እንዲሁ ብዙ አር ኤን ኤ ይወጣል። ስለዚህ «ግልባጭ» እላለሁ። ልዩነቱ፣ በዲኤንኤ ታይሚን የተባለው ፊደል በሚገባበት ቦታ በአር ኤን ኤ ዩራሲል የተባለው መግባቱ ነው።

ቁም ጸሐፊ፦ እንግዲያስ «ሠ»ን በ«ሰ» እንደሚጽፍ ደቀ መዝሙር ነው።

ዘበአታ፦ ያ ግልባጭ አይደለም፣ ስሕተት ነው! «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ሌባ ሆነ ማለት ነው። አንድ ፊደል የለወጠ ትርጉም ለውጧል።

እመ ላቦራቶሪ፦ የኔታ፣ እዚህ ግን ትርጉሙ አይለወጥም፤ ዩራሲልም እንደ ታይሚን አዴኒን ከተባለው ፊደል ጋር ይጣመራል።

ዘበአታ፦ ያልተለወጠ ከሆነ ሞክሼ ነው። ስሕተት ያልሁትን አንሥቻለሁ፤ «ቅጂ»ን ግን አልለቅም።

ዘማራኪ፦ ተመስገን። «ይቆጣጠራሉ»ስ? ማስታወሻው ሰኞ ይባዛል።

የቀሓ ልጅ፦ «ተቆጣጠረ» ከ«ቆጠረ» ነው፤ ስንት ጊዜ እንደተገለበጠ መቁጠር።

ቁም ጸሐፊ፦ ከ«ቋጠረ» አይሆንም? ቋጠሮ የያዘ፣ ሲፈልግ የሚፈታ።