ጠመንጃ ያልያዘ ሰው ድርድር ላይ ምን ይሠራል? (ክርክር)

ዝም አልልም፦ ትናንት አንዱ «ፌሚኒዝምና ጦርነትን ምን አገናኛቸው፣ የስዊድኖች ቅንጦት ነው» ብሎ ጽፎ ጠፋ። እሺ እንከራከር። ስዊድን ፌሚኒስት የውጭ ፖሊሲ (የሴቶችን እኩልነት ከውጭ ግንኙነቱ መሃል የሚያስቀምጥ) አለኝ ያለችው 2014 ላይ ነው፣ 2022 መንግሥት ሲቀየር ደግሞ ተወችው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ሴቶች በሰላም ድርድር ይሳተፉ የሚለው የተመድ ፀጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 1325 ግን የወጣው ኦክቶበር 31፣ 2000 ነው፣ ያን ወር ምክር ቤቱን ስትመራ የነበረችው ናሚቢያ ናት፣ መንገድ የጠረገለት ሰነድም ሜይ ላይ እዛው የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሁክ ነው የተጻፈው። ታዲያ የማን ቅንጦት ነው? ጥያቄው አንድ ነው፣ መሳሪያ ያልያዘ ወገን ድርድር ላይ ወንበር ይገባዋል ወይስ አይገባውም?

ሻለቃ ጡረታ፦ አይገባውም። ድርድር ማለት እኮ ተኩስ ማስቆም የሚችሉትን ሰዎች ማስቀመጥ ነው። በሬዲዮ «አቁም» ሲል ግንባር ያለው ልጅ የሚሰማው አዛዥ ነው የሚያስፈልገው። እናቶች ቢፈርሙ ማን ይታዘዛቸዋል? ንቀት አይደለም፣ የሥራው ጠባይ ነው።

ታዛቢዋ፦ ሻለቃ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ጋና አክራ፣ 2003 ላይ የላይቤሪያን ጦርነት ለማስቆም በተደረገው ድርድር እኮ እርስዎ የሚሏቸው አዛዦች በሙሉ ነበሩ። ተደራዳሪዎቹ ሆቴል ተኝተው ሹመት ሲከፋፈሉ ዋና ከተማቸው ሞንሮቪያ ላይ መድፍ እየዘነበ ሳምንታት አለፉ፣ ማንም በሬዲዮ «አቁም» አላለም። በመጨረሻ ነጭ የለበሱ ሴቶች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ፣ የስብሰባው አዳራሽ በር ላይ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ተቀመጡ፣ ሳትስማሙ አትወጡም ብለው። ጥበቃዎቹ መሪያቸውን ሌይማ ግቦዊን ሊያስሩ ሲመጡ ልብሷን ማውለቅ ጀመረች፣ እዛ አገር እናት ሆን ብላ ገላዋን ካሳየች እርግማን ነው፣ ጥበቃዎቹ ወደኋላ አሉ። አደራዳሪው አብዱልሰላሚ አቡበከር ራሳቸው ጄኔራል ናቸው፣ ግን ወጥተው ከሴቶቹ ጋር መነጋገር ግድ ሆነባቸው። ኦገስት 18 ተፈረመ። ሴቶቹ ብቻቸውን አመጡት አልልም፣ ፕሬዚዳንቱ ቴይለር ከሳምንት በፊት ሥልጣን ለቆ ወጥቷል፣ የውጭ ጦርም ገብቷል። ግን አዛዥ ብቻ ይበቃል የሚለው እዛ ጋ ወድቋል።

ሻለቃ ጡረታ፦ በሩ ላይ ነበሩ እንጂ ወንበሩ ላይ አልነበሩም እኮ! ወንበር ቢሰጣቸው ኖሮ እነሱም አበል እየበሉ ሹመት ይከፋፈሉ ነበር። የኔን ነጥብ ነው ያስረዳሽልኝ።

ኩርፊያ፦ እኔ ደግሞ ሴት ስትገባ ሰላም ይገባል የሚለው ነገር አይዋጥልኝም። የሩዋንዳዋን ፖሊን ኒራማሱሁኮን ረሳችኋት? 1994 ላይ የቤተሰብና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስትር ነበረች። ሴትዮዋ ላይ የሩዋንዳውን ዘር ማጥፋት የዳኘው የተመድ ፍርድ ቤት፣ አሩሻ ታንዛኒያ ያለው፣ 2011 ላይ በዘር ማጥፋት፣ ደግሞም በአስገድዶ መድፈር ነው የፈረደባት፣ ዕድሜ ልክ፣ ይግባኝ ላይ 47 ዓመት ሆነላት። በሉ አሁን እናት ርኅሩህ ናት በሉኝ።

ታዛቢዋ፦ ማን አለ መልአክ ናት? ኤንጂኦ ፖስተር ላይ ካልሆነ። አሩሻን ካነሳህ ግን ጨርሰው። እዛው ፍርድ ቤት አካየሱ የሚባለው የሩዋንዳ ከንቲባ ሲከሰስ ክሱ ላይ መደፈር የሚባል ነገር ጭራሽ አልነበረም። አንዷ ምስክር ስለ ሌላ ጉዳይ እየመሰከረች ልጇ መደፈሯን ተናገረች፣ ችሎቱ ላይ ብቸኛዋ ሴት ዳኛ ናቪ ፒላይ አላለፈቻትም፣ ጠየቀች፣ ጠየቀች፣ በኋላ ክሱ ተሻሻለ፣ 1998 ላይ መድፈር የዘር ማጥፋት አካል ሊሆን ይችላል ተብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈረደ። ርኅራኄ አይደለም ነገሬ። ጥያቄው ካልተጠየቀ ወንጀሉ መዝገብ ላይ የለም፣ በቃ።

ዝም አልልም፦ ሴራሊዮን ላይም ያው ነው። ከጦርነቱ በኋላ ትጥቅ ማስፈታት ሲጀመር፣ ተዋጊዎች ተመዝግበው ድጋፍ የሚያገኙበት ካምፕ ለመግባት መሳሪያ ማስረከብ ነበር ደንቡ። ተጠልፈው ጫካ ገብተው ሲያበስሉ፣ ጥይት ሲሸከሙ፣ የአዛዥ «ሚስት» ተብለው ሲወልዱ የኖሩ ልጆች በእጃቸው ጠመንጃ የለም፣ ቢኖርም አዛዡ ቀምቶ ለዘመዱ ይሰጠዋል። ዘመድየው ገንዘብና ሥልጠና አገኘ፣ ልጅቷ ልጇን አዝላ ባዶ እጇን ሄደች። ጠመንጃ የመግቢያ ትኬት ሲሆን እንዲህ ነው የሚሆነው፣ ድርድሩም ላይ ካምፑም ላይ።

ሻለቃ ጡረታ፦ ይሄ እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ደንቡን ሲያላሉት የሆነውንም ተናገሩ። ላይቤሪያ ላይ ከ100,000 በላይ ሰው ተዋጊ ነኝ ብሎ ተመዘገበ፣ የተሰበሰበው መሳሪያ ግን 28,000 ገደማ ነው። ጥይት ከየትም ለቃቅሞ የመጣ ሁሉ ተዋጊ ሆነ፣ ብሩ አለቀ፣ እውነተኛዎቹም የተሟላ ነገር ሳያገኙ ቀሩ። ያለ መለኪያ አይሠራም እህቴ። ጠመንጃ ቢያንስ ይቆጠራል።

ኩርፊያ፦ 😂 ሻለቃ ዛሬ ተነሱ

ታዛቢዋ፦ ይቆጠራል፣ ግን ማንን ነው የሚቆጥረው? መለኪያ አይኑር አላልኩም። የሶማሊያዎቹን እዩ፣ ጅቡቲ አርታ 2000 ላይ በተደረገው የሰላም ጉባኤያቸው ወንበር የሚሰጠው በጎሳ ነበር። ከአንዱ ጎሳ ተወልዳ ሌላ ጎሳ ያገባች ሴት የአባቷም የባሏም ጎሳ አይወክላትም፣ ሁለቱም የሌላው ናት ይሏታል። የሴቶቹ መሪ አሻ ሀጂ ኤልሚና ጓደኞቿ እናንተ የማትቆጥሩን ከሆነ እኛ ራሳችን «ስድስተኛው ጎሳ» ነን ብለው መጡ፣ ከ245 የሽግግር ምክር ቤት ወንበር 25ቱ የሴት ሆነ። ሴቶች ደግ ናቸውና አስገቡን አላሉም፣ ጎሳ ነው መለኪያው ካላችሁ እኛም ጎሳ ነን አሉ እንጂ። እና ሻለቃ፣ መሳሪያውን ሲቆጥሩ የካምፑን ስም ዝርዝር ይዞ የሚመጣው ማነው? አዛዡ አይደል?

ሻለቃ ጡረታ፦ አዛዡ ነው። እና እኔም ብሆን የአዛዥ ዝርዝር ብቻውን አላምንም፣ ስንቱን የሞተ ሰው ደመወዝ ሲበሉ አይቻለሁ። ዝርዝሩን የሚያጣራ ከውጭ ሰው ይግባ፣ ሴቶችም ይግቡ፣ በዚህ እስማማለሁ። የተኩስ አቁሙ ወንበር ላይ ግን አቋሜ ያው ነው።

ዝም አልልም፦ ተኩስ አቁሙ ላይ የታጣቂ መውጫ መንገድና የኬላ ቦታ አይወሰንም እንዴ? ውሃ የምትቀዳዋ ሴት በየቀኑ የምታልፍበት ኬላ እኮ ነው።

ሻለቃ ጡረታ፦ የኬላውን ነገር ልሰብበት፣ ነገ እመለሳለሁ።