የድሮን ቪዲዮዬ ኮምፒውተር ላይ ይቆራረጣል፣ ካርድ ልቀይር ወይስ ፊልተር ልግዛ?

አዲስ_አብራሪ፦

ሰላም ለሁላችሁም፣ እስቲ የምታውቁ አግዙኝ። ትንሽዬ ድሮን አለችኝ፣ ሴቲንጉን ሳልነካ ሁሉንም አውቶ ላይ ትቼ በ4ኬ 30 ፍሬም (በሰከንድ 30 ምስል) ነው የምቀርጸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ቀትር ላይ ፀሐይ ጠንከር ስትል። እየበረረ ስክሪኑ ላይ ሳየው በጣም ቆንጆ ነው፣ ካርዱን አውጥቼ ላፕቶፕ ላይ ሰክቼ ስከፍተው ግን ይቆማል ይሄዳል፣ በተለይ ድሮኑን ወደ ጎን ያዞርኩበት ቦታ ላይ ምስሉ እየዘለለ ነው የሚሄደው። ያንኑ ቪዲዮ ስልኬ ላይ ስከፍተው ደግሞ አይቆራረጥም ግን ደብዘዝ ያለ ነው፣ ይሄ ነገር ነው ይበልጥ ግራ ያጋባኝ።

ሌላው፣ አንዳንድ ክሊፕ ላይ መሀል ላይ ቀለሙ ራሱን ይቀይራል፣ ቢጫ የነበረው ሰማያዊ ይሆናል። ወደ ፀሐይ ዞሬ ስበር ደግሞ ከላይ በኩል ጥቁር ጥቁር መስመር ብልጭ ድርግም ይላል። አንዱ ጓደኛዬ ካርድህ ቀርፋፋ ነው ፈጣን ግዛ አለኝ፣ ሌላው አይ ኤንዲ ፊልተር የሚሉትን ሌንስ ላይ የሚገጠም ጠቆር ያለ መስታወት ካልገዛህ ቪዲዮህ ቪዲዮ አይሆንም አለኝ። ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ሳላውቅ ዝም ብዬ ዕቃ መግዛት አልፈልግም፣ እንዴት ነው የምለየው?

ፍሬም_በፍሬም፦

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እስኪጣራ ድረስ ምንም እንዳትገዛ። እንደ አንድ ችግር ጻፍከው እንጂ ሦስት አራት የተለያየ ነገር ነው የተደባለቀብህ፣ አንድ በአንድ እንለየው።

መጀመሪያ የስልኩን እንጨርስ። ስልክህ ላይ ያለው ኦሪጅናሉ አይደለም። አፑ እየበረርክ ሳለ ከድሮኑ በሬዲዮ የሚመጣለትን ምስል እግረ መንገዱን ስልክህ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ጥራቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ነው የደበዘዘብህ፣ ቀላል ስለሆነ ደግሞ ሳይቆራረጥ ይከፈታል። እውነተኛው 4ኬ ካርዱ ላይ ያለው ብቻ ነው። ብዙ ሰው ያንን የስልኩን ለሰው ልኮ ካሜራው አይረባም ይላል፣ ካሜራውን ግን ገና አላየውም።

ወደ ላፕቶፑ ስንመጣ፣ 4ኬ ማለት አንዱ ፍሬም 3840 በ2160 ነው፣ ስምንት ሚሊዮን ምናምን ነጥብ፣ ይሄ በሰከንድ 30 ጊዜ። ድሮኑ ኤች.265 በሚባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ የሚቀርጽ ከሆነ ደግሞ ፋይሉ በጣም ተጨምቆ ነው የሚቀመጠው፣ ቦታ ይቆጥባል ግን ሲከፈት መልሶ መፍታት ከባድ ሥራ ነው። ቆየት ያለ ላፕቶፕ ውስጥ ለዚህ የተሠራ ሃርድዌር ስለሌለ ሸክሙ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቅና ይቆማል ይሄዳል። ስለዚህ የተቆራረጠው ቀረጻው ነው ወይስ ማጫወቻው የሚለውን ነው መጀመሪያ መመለስ ያለብህ።

እንዲህ አድርግ፣ ፋይሉን ከካርዱ ላይ አትክፈተው፣ ወደ ላፕቶፑ ኮፒ አድርገው፣ ከዛ ቪኤልሲ በሚባለው ነጻ ማጫወቻ ክፈትና ዘለለ ያልከው ቦታ ስትደርስ አቁመህ የኢ ፊደል ቁልፍን ደጋግመህ ተጫን፣ በተጫንክ ቁጥር አንድ ፍሬም ብቻ ይሄድልሃል። ምስሉ በእያንዳንዱ ፍሬም እኩል እኩል እየተራመደ ከሄደ ቀረጻው ሙሉ ነው፣ ካርዱም ድሮኑም ንጹህ ናቸው። አንዱ ፍሬም ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደገመ ወይ ድንገት ትልቅ ዝላይ ካየህ ግን ያኔ ካርዱን እንጠረጥራለን።

ሌንስና_ብርሃን፦

ከላይ የተባለው ልክ ነው ግን አንድ የቀረ ነገር አለ። ማጫወቻው በጣም ፈጣን ኮምፒውተር ላይ ቢሆንም እንኳ ሲዞር እየዘለለ የሚመስል ቪዲዮ አለ፣ እሱ ከሻተር ነው የሚመጣው፣ ሻተር ማለት ካሜራው ለአንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ ነው።

የትንንሽ ድሮኖች ሌንስ ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ ቋሚ ነው፣ አይጠብም አይሰፋም። ቀትር ላይ ብርሃን ሲበዛበት አውቶ ያለው አማራጭ አንድ ብቻ ነው፣ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100 ላይ አውርዶ ሻተሩን ማፍጠን። እስከ 1/1000፣ 1/2000 ሰከንድ ድረስ ይሄዳል። ለፎቶ አሪፍ ነው፣ ለቪዲዮ ግን እያንዳንዱ ፍሬም ላይ ነገሩ ሁሉ ድርቅ ብሎ ይቆማል፣ የእንቅስቃሴ ድብዝዝታ የሚባል የለውም፣ ስለዚህ ከአንዱ ፍሬም ወደ ሌላው ስትሄድ ዓይን የሚያያይዘው ነገር ያጣል። ለዚህ ነው ሻተሩ ከፍሬሙ ቁጥር እጥፍ አካባቢ ይሁን የሚባለው፣ በ25 ፍሬም 1/50፣ በ30 ፍሬም 1/60። ኤንዲ ፊልተር ሥራው ብርሃን መቀነስ ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም አይጨምርልህም፣ ሻተሩን ወደዛ ዝቅ እንድታደርግ ነው የሚረዳህ።

ጥቁሩ መስመር የፕሮፔለሮቹ ጥላ ነው። ፀሐይ ከፊት ለፊት ከላይ ስትሆን በሚሽከረከረው ክንፍ መሀል አልፋ ሌንሱ ላይ ታርፋለች፣ ካሜራውን ትንሽ ወደ ታች ዝቅ አድርገው ወይ የምትበርበትን አቅጣጫ ሰበር አድርገው፣ ይጠፋል። ሻተሩ ሲፈጥን ደግሞ መስመሩ ይበልጥ ቁልጭ ብሎ ነው የሚታየው። ቀለሙ የተቀየረው ዋይት ባላንሱ (ነጭን ነጭ አድርጎ ቀለሙን የሚያስተካክለው) አውቶ ላይ ስለሆነ ነው፣ ካሜራው ከሰማይ ወደ መሬት ሲዞር ሐሳቡን ይቀይራል። ጠራ ያለ ቀን ከሆነ 5500 ኬልቪን አካባቢ ላይ ቆልፈው፣ ትንሽ ቢሳሳት እንኳ ክሊፑ ሙሉ አንድ ዓይነት ስለሚሆን ኤዲት ላይ በአንዴ ታስተካክለዋለህ፣ መሀል ላይ የተቀየረውን ማስተካከል ግን መከራ ነው።

ሻተርህ ስንት እንደነበር ለማወቅ ሴቲንግ ውስጥ ቪዲዮ ካፕሽን ወይ ሰብታይትል የሚል ካለ አብራው፣ ከቪዲዮው ጎን ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጥልሃል፣ እዛ ውስጥ ሻተሩም አይኤስኦውም ተጽፎ ታገኘዋለህ።

አዲስ_አብራሪ፦

ኧረ እግዜር ይስጣችሁ፣ ይሄን ያህል አልጠበቅኩም። ቪኤልሲ ላይ በፍሬም በፍሬም አየሁት፣ ምንም የተደገመ የለም፣ እኩል እኩል ነው የሚሄደው። ስለዚህ ካርዱ ደህና ነው ማለት ነው አይደል? ካፕሽኑንም አብርቼ እዛው ሰዓት ላይ ደግሜ ቀረጽኩ፣ ሻተር 1/1600 አይኤስኦ 100 ይላል። ለዚህ የቱ ቁጥር ፊልተር ነው የሚሆነው፣ 4 8 16 32 64 የሚል አለ፣ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነም አልገባኝም። ካርዴ ላይ ደግሞ 170 የሚል በትልቁ ተጽፏል ጎኑ ላይ ቪ30 ይላል፣ የትኛውን ነው የማየው?

ሌንስና_ብርሃን፦

ቁጥሩ ብርሃኑን ለስንት እንደሚያካፍለው ነው የሚነግርህ፣ ኤንዲ 8 ከስምንት አንድ እጅ ብቻ ያሳልፋል፣ ኤንዲ 32 ከሠላሳ ሁለት አንድ እጅ። በእጅህ አስላው፣ 1/1600ን በግማሽ በግማሽ ውረድ፣ 800፣ 400፣ 200፣ 100፣ 50። አምስት እርምጃ ነው፣ 2 አምስት ጊዜ ሲባዛ 32 ይሆናል፣ ስለዚህ ላንተ ቀትር ኤንዲ 32 ነው፣ 1/60 ስታደርገው ትንሽ ጨለም ቢል ነው እሱም ችግር የለውም። ኤንዲ 16 ብታደርግ 1/100 ላይ ትቆማለህ፣ እሱም ከ1/1600 ጋር አይወዳደርም። ልክ 1/60 ካልሆነ ብለህ ራስህን አታስጨንቅ።

ስታስገባው ድሮኑ ጠፍቶ ይሁን፣ ሲበራ ጂምባሉ (ካሜራውን ይዞ እንዳይናወጥ የሚያደርገው) ራሱን ያስተካክላልና ክብደቱን አብሮ እንዲያውቀው። ለድሮንህ ሞዴል የተሠራውን ብቻ ውሰድ፣ ከበድ ያለ የሌላ ፊልተር የጂምባሉን ሞተር ያስጨንቀዋል።

ካርድና_ባትሪ፦

የካርዱን እኔ ልመልስ። 170 የሚለው በሰከንድ በሜጋባይት የሚነበብበት ፍጥነት ነው፣ ያውም ከፍተኛው፣ ከካርዱ ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጥ እንጂ ስትቀርጽ አይጠቅምህም። አንተ የምትፈልገው ቪ30ን ነው፣ እሱ ሲጽፍ በሰከንድ ከ30 ሜጋባይት በታች አልወርድም የሚል ዋስትና ነው። ድሮንህ በሰከንድ በ100 ሜጋቢት ይቀርጻል እንበል፣ ቢትና ባይት አንድ አይደሉም ለ8 ታካፍለዋለህ፣ 12.5 ሜጋባይት ይሆናል። ካርድህ ከእጥፍ በላይ ይችላል። ፈጣን ግዛ ያለህ ጓደኛህ ለክፋት አይደለም ግን አያስፈልግህም።

ካርዱን መጠርጠር ያለብህ የውሸት ከሆነ ብቻ ነው፣ 256 ጊጋ ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ 32 የሆነ አለ፣ ሲሞላ የቀረጽከው ይጠፋል። ዊንዶውስ ላይ ኤችቱቴስትደብሊው፣ ማክና ሊኑክስ ላይ ኤፍ3 የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ፣ ካርዱን ሙሉ በሙሉ ጽፈው መልሰው አንብበው እውነቱን ይነግሩሃል። አዲስ ካርድ የገዛ ሰው ሁሉ ሳይበር በፊት ይሄን ቢያደርግ ደስ ይለኛል። ፎርማት ስታደርግ ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ድሮኑ ላይ አድርገው። ረጅም ቀረጻህ በ4 ጊጋ በ4 ጊጋ ተቆራርጦ ብታገኘው አትደንግጥ፣ ብዙ ካሜራ እንዲህ ነው የሚያስቀምጠው፣ ኤዲት ላይ ስታያይዛቸው ምንም አይጎድልም።

ደግሞ ይሄን አጥብቄ ነው የምለው፣ ባትሪውን ከማጥፋትህ በፊት ሪከርዱን አቁም። ፋይሉ የሚዘጋው መጨረሻ ላይ ነው፣ ሳይዘጋ ኃይል ከተቋረጠ ማጫወቻ አይከፍተውም። እንደዛ ከሆነብህ በላዩ ሌላ ሳትቀርጽ ካርዱን መልሰህ ድሮኑ ውስጥ አስገባና አብራው፣ ብዙዎቹ ድሮኖች ራሳቸው ሊጠግኑት ይሞክራሉ።

ከፍ_ብሎ፦

እኔ በፊልተሩ ነገር ትንሽ አልስማማም። ከ80 ከ100 ሜትር ላይ ሆነህ ቀስ ብለህ ወደፊት ስትሄድ መሬቱ ስክሪኑ ላይ ብዙም አይንቀሳቀስም፣ 1/60 ሆነ 1/1000 ልዩነቱን የሚያይ ሰው የለም። ፊልተር ለውጥ የሚያመጣው ዝቅ ብለህ ዛፍ ዛፍ አጠገብ ስትበር ወይ ስትዞር ነው። እና የዚህ ወንድማችን ችግር የታየው ሲዞር ነው፣ ስለዚህ ከመግዛቱ በፊት ቀስ ብሎ መዞርን ይሞክር። ሲኒ የሚል ሞድ ካለ እሱ ላይ አድርገው፣ የመቆጣጠሪያውን ዱላ ስትነካው ድሮኑ ቀስ ይላል፣ ወይ ሴቲንግ ውስጥ የመዞሪያውን ፍጥነት ቀንሰው። አንድ ነገር ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ ሰባት ሰከንድ አካባቢ እንዲፈጅ አድርገህ አዙር፣ ከዛ አወዳድረው።

አንድ ሌላ ነገር፣ እነዚህን ሻተር ምናምን የምትነካካው መሬት ላይ እያለህ ይሁን። በማኑዋል እየሠራህ አየር ላይ ሜኑ ውስጥ ከገባህ ዓይንህ ከድሮኑ ይነሳል። ሳትነሳ በፊት ጂፒኤሱ እስኪይዝና የመመለሻ ቦታው እስኪመዘገብ ጠብቅ፣ የመመለሻ ከፍታውንም አካባቢህ ካለው ረጅም ነገር በላይ አድርገው፣ ሲግናል ሲጠፋ ድሮኑ የሚመለሰው በዛ ከፍታ ነው።

ሌንስና_ብርሃን፦

ቀስ ብሎ መዞሩ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፣ ፊልተር ያለው ሰውም ቢሆን በፍጥነት ካዞረ አያምርም።

አዲስ_አብራሪ፦

ገባኝ፣ መጀመሪያ ቀስ ብዬ ዞሬ እሞክራለሁ፣ ከዛ ካልበቃኝ 32ቷን እገዛለሁ። ላፕቶፑን ግን ምን ላድርገው፣ ኤዲት ልጀምር ስል ፕሮግራሙ ራሱ ይደርቃል። ደግሞ ሲኒማ እንዲመስል በ24 ፍሬም አውጣው የሚል ምክር አይቼ ነበር።

ፍሬም_በፍሬም፦

ላፕቶፕ አትቀይር። ኤዲት ፕሮግራምህ ውስጥ ፕሮክሲ የሚል አለ፣ ከከባዱ ፋይል ቀላል ኮፒ ያዘጋጅልሃል፣ በቀላሉ ላይ ትቆርጣለህ ትለጥፋለህ፣ መጨረሻ ላይ ሲያወጣው ግን ከኦሪጅናሉ ነው የሚያወጣው። ለመሥራት ጊዜ ይወስዳል እንጂ ከዛ በኋላ እፎይ ነው። ድሮኑ ላይ ኤች.264 የሚል ምርጫ ካለ ደግሞ እሱን ሞክረው፣ ለመክፈት ይቀልላል። ብቻ ቀድሞ የቀረጽከውን ፋይል ኮምፒውተር ላይ ወደ ሌላ ከቀየርክ ኦሪጅናሉን እንዳታጠፋ፣ አንዴ የተጨመቀን ደግመህ ስትጨምቀው ጥራቱ ይወርዳል።

24ቱን ተወው። በ30 የተቀረጸን በ24 ስታወጣው ፕሮግራሙ ከአምስት ፍሬም አንዱን ይጥላል፣ ያኔ ቀረጻው ሙሉ የነበረው ቪዲዮ በእርግጥ መዝለል ይጀምራል፣ ያውም ከሁሉ በላይ ስትዞር ነው የሚታየው። በ30 ከቀረጽክ ታይምላይኑም (ኤዲት ፕሮግራሙ ላይ ክሊፖቹን የምትደረድርበት) 30 ይሁን፣ 24 ከወደድክ ከመጀመሪያው ድሮኑ ላይ 24 አድርገህ ሻተሩን 1/50 አድርገው። በ60 የቀረጽከውን 30 ታይምላይን ላይ ብታስገባው ግን ችግር የለውም፣ አንድ እየዘለለ እኩል እኩል ነው የሚወስደው፣ ወይ በግማሽ ፍጥነት ስሎው ታደርገዋለህ።

ሌንስና_ብርሃን፦

ፊልተሩን ከገዛህ አመሻሽ ላይ ማውለቅ እንዳትረሳ። ፀሐይ ስትጠልቅ 32 ላይ ከቆየህ አውቶ አይኤስኦውን ወደ 800 ወደ 1600 ይጎትተውና ጥላው ውስጥ ያለው ሁሉ በነጠብጣብ ይሞላል፣ ያን ሰዓት ባዶ ሌንስ ነው የሚሻለው።