የፌዘርስቶን ሮቨርስ ታሪክ የሚጀምረው መቼ ነው? «ቅድመ ታሪክ» በተባሉት 19 ዓመታት ላይ የተነሣ ክርክር

የዮርክሻየር ነዋሪ፦
ትናንት እዚሁ ስለ እንግሊዙ የፌዘርስቶን ሮቨርስ የራግቢ ሊግ ክለብ የተጻፈውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ በሁለተኛው ንባብ ቅሬታዬ ባሰ እንጂ አልቀነሰም። ጸሐፊው ታሪክ መርማሪ ክለቡ በ1902 እንደተመሠረተ ካመኑ በኋላ (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ወደ ዋናው ሊግ እስከገባበት እስከ 1921 ያለውን የአማተርነት (ያለ ክፍያ የመጫወት) ዘመን «ቅድመ ታሪክ» ብለው በአንድ መስመር አልፈውታል። እውነተኛው ታሪክ የሚጀምረው ክለቡ ከከፋዮቹ ክለቦች ተርታ ከተሰለፈ በኋላ ነው ባይ ናቸው።

ዋናው ሊግ በ1921 ፌዘርስቶንን ሲቀበል ከባዶ ሜዳ ላይ አላነሣውም። ስም ነበረው፣ ደጋፊ ነበረው፣ በአካባቢው ውድድሮች የተፈተነ ቡድን ነበረው። ዛሬም የነዋሪዋ ቁጥር 15 ሺህ ገደማ የሆነ የከሰል ማዕድን ከተማ እንደ ሊድስና ብራድፎርድ ካሉ ትልልቅ ከተሞች ጎን ቦታ ያገኘችው፣ ሳምንቱን ጉድጓድ ውስጥ ሲቆፍሩ ሰንብተው በዕረፍታቸው ሰዓት ሜዳ በወጡ ሰዎች ልፋት ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ቃሉን እንዲያነሡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ታሪክ መርማሪ፦
ወንድሜ፣ ማንንም ለመናቅ አልጻፍሁም። «ቅድመ ታሪክ» ማለት ምንም አልነበረም ማለት አይደለም፤ ዋናው ታሪክ ከመጀመሩ በፊት የነበረ ዘመን ማለት ነው። የአንድን ክለብ ታሪክ የምንመዝነው ከእኩዮቹ ጋር በተጫወተውና በተመዘገበው ውጤት ነው። ፌዘርስቶን በ1928 ለሻምፒዮናው ፍጻሜ ደርሶ በስዊንተን 11 ለ0 ተሸንፏል፤ በ1967 ባሮውን 17 ለ12፣ በ1973 ብራድፎርድ ኖርዘርንን 33 ለ14፣ በ1983 ሃልን 14 ለ12 አሸንፎ ቻሌንጅ ካፕ የተባለውን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ሦስት ጊዜ ወስዷል። ሰው ፌዘርስቶንን የሚያውቀው በእነዚህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ራግቢ ሊግ ራሱ የተወለደው በክፍያ ጥያቄ ነው። ነሐሴ 1895 በሃደርስፊልድ ጆርጅ ሆቴል የተሰበሰቡት የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ክፍያን ይከለክል ከነበረው ከነባሩ የራግቢ ማኅበር፣ ከራግቢ ዩኒየን፣ የተለዩት ለተጫዋቾቻቸው ለመክፈል ስለፈለጉ ነው። በክፍያ የተወለደ ጨዋታ ሥሩ አማተርነት ነው ማለት ነገሩን መገልበጥ ይመስለኛል።

የቆፋሪ ልጅ፦
ታሪክ መርማሪ «በክፍያ የተወለደ» ያሉት ላይ ልቁም፤ ስሕተቱ ያለው እዚያ ነውና። በ1895 የተፈቀደው ደመወዝ አልነበረም፤ ተጫዋቹ ለጨዋታ ሲል ከሥራ በቀረበት ቀን ላጣው ገቢ ማካካሻ እንዲሆን በቀን 6 ሽልንግ ነበር። ባለሀብቱ ተጫዋች ቅዳሜን ከሥራ ቢቀር የሚጎድልበት የለም፤ ቆፋሪውና የፋብሪካ ሠራተኛው ግን የልጆቹን ዳቦ ያጣል። ክለቦቹ የጠየቁት ይህ ጉድለት እንዲሞላ ብቻ ነው። ጥያቄው በ1893 ለንደን ላይ በድምፅ ሲወሰን 282 ለ136 ተሸነፈ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ተለያዩ።

ክፍያ በግልጽ የተፈቀደው በ1898 ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን ተጫዋቹ ሌላ መተዳደሪያ ሥራ እንዲኖረው ሕጉ ያስገድድ ነበር። ይህ ግዴታ የተነሣው በ1905 ነው። ስለዚህ ጨዋታው የተወለደው ሠራተኛ ሰው እንጀራውን ሳያጣ እንዲጫወት በመፈለጉ ነው። የ1902ቱ የፌዘርስቶን ቆፋሪዎች ደግሞ እነዚያው ሠራተኞች ናቸው። እነርሱን ከታሪኩ በር ውጭ ካቆምናቸው ውስጥ የሚቀረው ማን ነው?

መዝገብ አገላባጭ፦
የቆፋሪ ልጅ የጠቀሱት ድምፅ የተሰጠው መስከረም 20 ቀን 1893 ነው። ከዚያ 13 ቀን ቀደም ብሎ፣ መስከረም 7፣ እዚያው ፌዘርስቶን ውስጥ በአክተን ሆል የከሰል ማዕድን ደጃፍ ወታደሮች ተኩሰው ሁለት ሰዎች ሞተዋል። የማዕድን ባለቤቶች የሠራተኛውን ክፍያ በ25 በመቶ እንቀንሳለን ብለው በሩን ዘግተውበት በነበረበት ወቅት ነው። ስለ ከተማዋ ክለብ ስንጽፍ ይህን ሳናነሣ ማለፍ አንችልም፤ በዚያ በር ፊት የቆመው ሕዝብ ነው ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ክለቡን ያቋቋመው።

ታሪክ መርማሪ፦
በዚህ አልስማማም። ቀናቱ መቀራረባቸው አንዱን የሌላው መንስኤ አያደርገውም። የተኩሱ ጉዳይ የከሰል ዋጋና የደመወዝ ጉዳይ ነው፤ የለንደኑ ድምፅ የስፖርት ሕግ ጉዳይ ነው። የሞቱ ሰዎችን ለክለብ ዕድሜ ክርክር ማስረጃ አድርጎ መጥራትም ተገቢ አይመስለኝም።

መዝገብ አገላባጭ፦
መንስኤ ነው አላልሁም፤ የጻፍሁትን መልሰው ይመልከቱልኝ። እኔ የምለው ሁለቱም የነኩት የአንድን ሰው ኪስ ነው። በዚያ መስከረም ባለቤቱ ከደመወዝህ ሩቡን ልውሰድ ሲለው፣ የስፖርቱ ማኅበር ደግሞ ስትጫወት የጎደለብህ አይተካም አለው። ሙታኑን ያነሣሁትም ለክርክር ማሸነፊያ ሳይሆን የከተማዋ ሰዎች እስከ ዛሬ ስለሚያስቡአቸው ነው።

የሜዳ አሰልጣኝ፦
እኔ በምዕራብ ዮርክሻየር የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ ልጄን ተከትዬ ገብቼ በአንድ አማተር ክለብ ሕፃናትን በነፃ አሠለጥናለሁ። በዝናብ የሜዳውን መስመር ቀለም የምንቀባው፣ ማልያውን ቤታችን ወስደን የምናጥበው፣ ሻይ አፍልተን ለእንግዳው ቡድን የምናቀርበው እኛው ወላጆች ነን። ስለዚህ «ቅድመ ታሪክ» የሚለው ቃል እኔንም ነክቶኛል፤ የዛሬ ቅዳሜያችንም ነገ እንዲሁ ይባላል ማለት ነውና።

ለታሪክ መርማሪ አንድ ጥያቄ አለኝ። ራግቢ ዩኒየን ራግቢ ሊግ የተጫወተን ሰው፣ አንድ ሳንቲም ያልተቀበለ አማተር እንኳ ቢሆን፣ ከጨዋታው ለዕድሜ ልክ ያግድ ነበር። ከ18 ዓመት በላይ የሆነ አማተር በሁለቱ ጨዋታዎች መካከል በነፃነት መመላለስ የተፈቀደለት በ1987 ነው። ለዚህም በ1973 በሃደርስፊልድ የተቋቋመው የብሪታንያ አማተር ራግቢ ሊግ ማኅበር ብዙ ታግሏል። እንግዲህ ምንም ያልተከፈለውን ቆፋሪ ከሳሾቹ እንኳ «ራግቢ ሊግ ተጫዋች ነህ» ብለው ቀጥተውታል። ለቅጣት ሲሆን በጨዋታው ውስጥ የተቆጠረ ሰው፣ ለታሪክ ሲሆን እንዴት ከጨዋታው በፊት የነበረ ይሆናል?

ታሪክ መርማሪ፦
ይህ ጥያቄ ያሳስበኛል፤ በቀላሉ የምመልሰው አይደለም። አማተሮቹ የራግቢ ሊግ ሰዎች እንደነበሩ እቀበላለሁ። ነገር ግን የእኔ ነጥብ ስለ ጨዋታው አይደለም፣ ስለ ክለቡ ነው። በ1921 ክለቡ የሚጫወትበት ደረጃ፣ ተጋጣሚዎቹ፣ ወጪና ገቢው ሁሉ ተለውጧል። በ1983 ዌምብሊ ላይ የዚያ ዓመት የሊጉ ሻምፒዮን የነበረውን ሃልን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ቅጣት ምት ያሸነፈው ቡድን በአማተርነት ከዚያ አይደርስም ነበር።

የዮርክሻየር ነዋሪ፦
ወደ 1983 መሄድዎ መልካም ነው። በዚያን ዘመን የራግቢ ሊግ ተጫዋች ከጥቂቶች በቀር ሌላ ሥራ የነበረው ሰው ነው፤ ቀን ሠርቶ ማታ ይለማመዳል። ሙሉ ጊዜን ለጨዋታ መስጠት በሰፊው የመጣው በ1990ዎቹ ነው። መለኪያው ፕሮፌሽናልነት ከሆነ የ1967ቱም የ1983ቱም ዋንጫ ግማሽ እግሩ በእርስዎ «ቅድመ ታሪክ» ውስጥ ሊቀር ነው። መለኪያው ደረጃ ነው ካሉኝም፣ በ1996 ዌስት ሃል የተባለው አማተር ክለብ በቻሌንጅ ካፕ ሁለት ፕሮፌሽናል ክለቦችን፣ ዋይትሄቨንንና ሃይፊልድን፣ አከታትሎ አሸንፏል። ያን ቀን ታሪክ የሠራው የትኛው ነው?

የካስልፎርድ ደጋፊ፦
እኔ ግን ከዕድሜ ቆጠራው ይልቅ ክለቡ ምን ሊደርስበት እንደነበር እንድናስታውስ እወዳለሁ። በ1995 የሩፐርት መርዶክ ኩባንያ ገንዘብ ይዞ ሱፐር ሊግ የተባለው አዲስ ከፍተኛ ውድድር ሲታቀድ፣ ፌዘርስቶን፣ ካስልፎርድና ዌክፊልድ ተዋሕደው «ካልደር» የሚባል አንድ ክለብ እንዲሆኑ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። እኔ ካስልፎርድን የምደግፍ ብሆንም ውሕደቱ ሦስቱንም ያጠነክር ነበር ብዬ ዛሬም አምናለሁ፤ ፌዘርስቶን እምቢ ብሎ ከሱፐር ሊጉ ውጭ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

የቆፋሪ ልጅ፦
የካስልፎርዱ ወንድማችን፣ ያሳዘነዎትን ነገር የፌዘርስቶን ሰው እንደ ድል ነው የሚያየው። የከተማዋ ማዕድን አክተን ሆል በ1985 ከታላቁ የማዕድን ሠራተኞች አድማ በኋላ ተዘግቷል፤ ሥራው ሄዷል። ከዚያ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ የክለባችሁን ስም ስጡን ሲባሉ ሕዝቡ በአደባባይ ተቃወመ። ያን ጊዜ ያዳኑት ከ1902 ጀምሮ የኖረውን ስም ነው። ታሪኩ በ1921 ሊግ የሰጠው ነገር ቢሆን ኖሮ ሊግ መልሶ ሲወስደው ማን ይከራከር ነበር?

የካስልፎርድ ደጋፊ፦
ስም ዳነ፣ ደረጃ ግን ጠፋ። ሁለቱን የሚያመዛዝን ሰው በዚህ ውይይት አላየሁም።

ታሪክ መርማሪ፦
ወደ ተነሣንበት ልመልሳችሁ። ጽሑፌን አሻሽላለሁ፤ «ቅድመ ታሪክ» የሚለውን አውጥቼ «የአማተር ዘመን» የሚል ርእስ እሰጠዋለሁ። ምዕራፉ ግን ከዋናው ተለይቶ ይቆማል፤ የድልና የሽንፈት ቆጠራዬም ከ1921 ይጀምራል። ከዚህ በላይ መሄድ አልችልም።

የሜዳ አሰልጣኝ፦
ስለ ርእሱ አመሰግንዎታለሁ፤ ከልቤ ነው። ነገር ግን ምዕራፉን ለምን ይለዩታል? ተጫዋቾቹ የተለዩ አልነበሩም፤ ማዕድኑ የተለየ አልነበረም፤ ስሙም ያው ሮቨርስ ነው። ሊጉ የጨመረው የመርሐ ግብሩን ዝርዝር ነው።

ታሪክ መርማሪ፦
የመርሐ ግብር ዝርዝር ለእርስዎ ትንሽ ነገር ነው፤ ለታሪክ ጸሐፊ ግን ዋናው መዝገብ ነው።

የዮርክሻየር ነዋሪ፦
እንግዲያው አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። የቆጠራው ሰንጠረዥ በ1921 ይጀምር፤ ከሰንጠረዡ በላይ ባለው ርእስ ላይ ግን «ከ1902 ጀምሮ» ብለው ይጻፉ። ይህን ካደረጉ ስለ ምዕራፉ መለየት ያለኝን ተቃውሞ በሌላ ቀን አቀርባለሁ፤ አልተውሁትም።