አስቸኳይ፦ የኤአይ ኮድ ረዳቱ ተርሚናል ላይ ቆሞ ቀረ፣ ልዝጋው ወይስ ልጠብቅ?

እህተ_ኮድ
ሰላም ቤተሰብ፣ በጣም አስቸኳይ ነው። ረዳቱ ቴስት እያስኬደ እያለ ቆመብኝ። "በመስራት ላይ" የምትለዋ ምልክት ትሽከረከራለች፣ ሰከንዱ ይቆጥራል፣ ሌላ ምንም የለም። ቀደም ብሎ ሲዘገይብኝ በኤስኬፕ አቋርጬ "እንደገና ሞክር" ብዬው ነበር፤ ከዛ በኋላ ነው እንዲህ የሆነው። ኢንተርኔቴ ይሰራል። ሰርቨራቸው ወድቆ ነው? ዝም ብሎ ቶክን (የአጠቃቀም መለኪያውን) እየበላብኝስ ይሆን? ብዘጋው ደግሞ እስካሁን የሰራው እንዳይጠፋ ፈራሁ፣ ኮሚት አልተደረገም (ጊት ላይ አልተመዘገበም)። ነገ ጠዋት ለደንበኛ የማሳየው ነው።

ቶና
አቦሉን ነው የጠጣው፤ በረካ ሳይደርስ አይነሳም 😂

ሪስታርት
ዝጊውና ክፈቺው።

የድሮ_ዩኒክስ
ኮሚት ሳይደረግ ኤጀንት አይለቀቅም፤ ስንት ጊዜ ነው የሚነገረው? ለየስራው የራሱ ብራንች (የኮዱ ቅርንጫፍ)፣ ከተቻለ በጊት ወርክትሪ የራሱ ፎልደር። ፈቃድ መጠየቁ ሰለቸን እያላችሁ ሁሉን ፍቀድ የሚለውን ትከፍቱና ከዛ እዚህ መጥታችሁ ታለቅሳላችሁ። ማንበብና ቴስት ማስኬድ ይፈቀድለት፣ ፋይል ማጥፋት፣ ፑሽ ማድረግና ማይግሬሽን (የዳታቤዙን ቅርጽ መቀየሪያ) ማስኬድ ግን ሁልጊዜ ይጠይቅ።

ቶና
ጋሼ፣ ትምህርቱን ነገ እንከታተላለን፣ አሁን ልጅቷን እንርዳ።

ባለጥቁር_ስክሪን
እህተ ኮድ፣ ረዳቱ ራሱ የቆመ አይመስለኝም። የቆመው እሱ ያስነሳው ትዕዛዝ ነው። ሞዴሉ "ይህን አስኪድ" ካለ በኋላ ውጤቱ እስኪመለስ ድረስ ወደ ሰርቨር የሚላክ ነገር የለም፤ ስለዚህ አሁን ቶክን እየበላብሽ አይደለም። የምትሽከረከረዋን ምልክት የሚስላት እዚሁ ያንቺው ማሽን ነው። የሰርቨር ችግር ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ይዞ ይመጣል፦ 429 ገደብሽን አልፈሻል ነው፣ 401 ቁልፍሽ ወይም ሎግኢንሽ ላይ ችግር አለ ነው፣ በ5 የሚጀምሩት ደግሞ በነሱ በኩል ነው።

ስለ ፋይሎቹ አትስጊ። ረዳቱ ያስተካከለው ሁሉ ዲስክ ላይ ተጽፏል። ሌላ ተርሚናል ከፍተሽ ጊት ዲፍ በዪ። አዲስ የፈጠራቸው ፋይሎች ግን ዲፍ ላይ ስለማይወጡ ጊት ስታተስንም እዪ። እዛው ኮሚት አድርጊው፣ ረዳቱን መጠበቅ አያስፈልግሽም።

ከዛ ኤችቶፕ ክፈቺና ኤፍ5 ተጫኚ፣ ፕሮሰሶቹ (በስራ ላይ ያሉት ፕሮግራሞች) በዛፍ መልክ ይደረደራሉ። ከረዳቱ ስር ያለውን ፈልገሽ ኤስ የሚለውን አምድ አንብቢ። አር ከሆነ እየሰራ ነው፣ ተዪው። ኤስ ሆኖ ሲፒዩው 0 ላይ ከሰነበተ የሆነ ነገር እየጠበቀ ነው። ዲ ከሆነ ዲስክ ላይ ወይም በኔትወርክ የተገናኘ ፎልደር ላይ ተይዟል። ቲ ከሆነ ታግዷል፤ ከጀርባ ሆኖ ከተርሚናሉ ሊያነብ የሞከረ ፕሮሰስን ሲስተሙ እንዲህ ያስቆመዋል።

ምን ኦኤስ ነው? ፕሮጀክቱ በምን ነው የተሰራው? መጨረሻ ላይ ያስነሳው ትዕዛዝስ?

ሪስታርት
አሁንም ዝጊውና ክፈቺው ነው የምለው።

እህተ_ኮድ
ኮሚት አድርጌዋለሁ፣ ተመስገን። ዊንዶውስ ላይ ደብሊውኤስኤል፣ ኡቡንቱ። ጃንጎ (የፓይተን ዌብ ፍሬምወርክ) እና ፖስትግሬስ (ዳታቤዙ) ነው። መጨረሻ ያስነሳው ማኔጅ ዶት ፓይ ቴስትን ነው። ከረዳቱ ስር አንድ ፓይተን አለ፣ ኤስ፣ ሲፒዩ 0.0። ግን ከዛፉ ውጪ ያንኑ ትዕዛዝ የያዘ ሌላ ፓይተን ብቻውን ቆሟል። ይሄ ከየት መጣ?

ሪስታርት
ኪልኦል ፓይተን። አለቀ።

ኪውኤ_ነኝ
ኪልኦል እንዳትዪ! በዛ ስም ያለውን ሁሉ ነው የሚገድለው፤ ራንሰርቨሩ (የጃንጎ መሞከሪያ ሰርቨር)፣ ሰለሪው (የጀርባ ስራዎችን የሚሰራው)፣ ከፍተሽ የረሳሽው የፓይተን ሼል፣ ሁሉም አብረው ይሄዳሉ።

ብቻውን የቆመው ቀደም ያቋረጥሽው ቴስት ነው። ኤስኬፕ ስትጫኚ ረዳቱ ያስነሳውን ሼል (ትዕዛዙን የሚያስኬደውን ፕሮግራም) ይገድላል፤ ሼሉ የወለደው ፓይተን ግን ሁልጊዜ አብሮ አይሞትም። ወላጁ ስለሞተበት ፒፒአይዲው (የወላጁ ፕሮሰስ ቁጥር) 1 ወይም የሆነ ኢኒት (ሲስተሙ መጀመሪያ የሚያስነሳው ፕሮሰስ) ሆኖ ይታያል።

አሁን የቆመበትን ምክንያት ልንገርሽ። ጃንጎ ቴስት ሲጀምር ከዳታቤዝሽ ስም ፊት "ቴስት" የሚል ጨምሮበት አዲስ ዳታቤዝ ይፈጥራል፣ ሲጨርስ ያጠፋዋል። መሃል ላይ ከተቋረጠ ዳታቤዙ ሳይጠፋ ይቀራል። ቀጣዩ ቴስት ሲመጣ ያገኘዋል፣ "ይህ ዳታቤዝ አለ፣ ላጥፋው? የስ ወይም ኖ ብለህ ጻፍ" ይልና ቁጭ ይላል። ጥያቄው የሚጻፈው ረዳቱ በያዘው ፓይፕ (ውጤት መቀበያ መስመር) ላይ ነው፤ ትዕዛዙ ሳያልቅ ስለማያሳይሽ አንቺ አላየሽውም። መልስ የሚሰጠው ሰው የለም፣ እሱም ይጠብቃል። አንዳንድ ረዳቶች ግብአቱን ዘግተው ነው ትዕዛዝ የሚያስነሱት፣ እነሱ ላይ ወዲያው ኢኦኤፍ ኤረር (ግብአቱ አልቋል የሚል) ይወጣ ነበር። ያንቺው ክፍት ይተወዋል ማለት ነው።

እንዳልገመትኩ እንድታዪው (ስትሬስ ፕሮሰሱ ከሲስተሙ ምን እየጠየቀ እንደሆነ ያሳያል)፦ ሱዶ ስትሬስ፣ ማይነስ ፒ፣ ከዛ ከረዳቱ ስር ያለው ፓይተን ቁጥር። "ሪድ" ብሎ በቅንፍ ውስጥ 0 ላይ ከቆመ መልስ እንዲጻፍለት እየጠበቀ ነው፤ 0 መደበኛው ግብአት ነው። "ፖል" ላይ ሆኖ ቁጥሩ የፖስትግሬስ ሶኬት (የግንኙነት መስመር) ከሆነ ደግሞ ዳታቤዙን እየጠበቀ ነው፣ ምናልባት ሌላ ግንኙነት የያዘው ሎክ ላይ፣ ያኔ ነገሩ ሌላ ነው።

መፍትሄው በዚህ ቅደም ተከተል። ረዳቱን በኤስኬፕ አቁሚ። ሁለቱንም ፓይተኖች በየቁጥራቸው በተለመደው የኪል ትዕዛዝ ግደያቸው፤ ማይነስ 9ን (በግድ መግደያውን) እምቢ ካሉ ብቻ ተጠቀሚ። ከዛ ቴስቱን ራስሽ በእጅሽ አስኪጂው፣ መጨረሻው ላይ ዳሽ ዳሽ ኖኢንፑት ጨምሪበት። እሱ ሳይጠይቅ የድሮውን ቴስት ዳታቤዝ አጥፍቶ አዲስ ይፈጥራል። "ሌሎች ተጠቃሚዎች እየተጠቀሙበት ነው" የሚል ኤረር ከመጣ አንድ ግንኙነት አልተዘጋም፤ ፒኤስኪውኤል (የፖስትግሬስ ትዕዛዝ መስጫ) ገብተሽ ፒጂ ስታት አክቲቪቲ ከሚለው የግንኙነቶች ዝርዝር ላይ የቴስት ዳታቤዙን ፒአይዲ (የፕሮሰስ ቁጥር) ፈልጊና በፒጂ ተርሚኔት ባክኤንድ ዝጊው።

እህተ_ኮድ
ስትሬሱ ሪድ 0 ላይ ነው 😳 ግን ኖኢንፑት እውነተኛውን ዳታ ቢያጠፋብኝስ?

ኪውኤ_ነኝ
የሚነካው የቴስቱን ብቻ ነው። ቢሆንም ሴቲንግስ ውስጥ ዳታቤዝስ ስር "ቴስት"፣ በሱ ውስጥ ደግሞ "ኔም" የሚል ካለ ስሙን አንብቢው። የሆነ ሰው የእውነተኛውን ስም ጽፎበት ከተገኘ አታስኪጂ።

የድሮ_ዩኒክስ
እኔ ዳሽ ዳሽ ኪፕዲቢን እመርጣለሁ፣ ዳታቤዙን ሳያጠፋ ስለሚጠቀምበት ማይግሬሽን ለበዛበት ፕሮጀክት በጣም ይፈጥናል።

ኪውኤ_ነኝ
ለሌላ ቀን ጥሩ ነው፣ ለዛሬ ግን አይሆንም። የተቋረጠው ቴስት ትራንዛክሽን ቴስትኬስ (ዳታውን በእውነት ዳታቤዙ ውስጥ የሚያስገባ የቴስት አይነት) ከነበረ ያስገባቸው ረድፎች ሳይጸዱ ቀርተው ይሆናል። በኪፕዲቢ ከቀጠለች ምክንያቱ የማይገባት ፌይል ታገኛለች፤ ረዳቱ ደግሞ ያንን "ለማስተካከል" ጤነኛ ኮድ መነካካት ይጀምራል። ከሁሉ የከፋው እሱ ነው።

ባለጥቁር_ስክሪን
ሌሎቻችሁም እንዳይገጥማችሁ፦ ረዳቱ ሁልጊዜ የሚያነበው የመመሪያ ፋይል ላይ (ክላውድ ዶት ኤምዲም ይሁን ኤጀንትስ ዶት ኤምዲ) ትዕዛዙን ሙሉውን ጻፉለት። "ቴስት አስኪድ" ብቻ አትበሉት። ከፊት ታይምአውት 300፣ መጨረሻ ላይ ኖኢንፑት፣ ከዛ ግብአቱን ከዴቭ ነል (ሁልጊዜ ባዶ ከሆነው ፋይል)። በ300 ሰከንድ ካላለቀ ታይምአውት ራሱ ያስቆመውና 124 የሚል የመውጫ ቁጥር ይመልሳል፤ "124 ካየህ ደግመህ አትሞክር፣ ለኔ ንገረኝ" ብላችሁ ጨምሩበት። ግብአቱ ከዴቭ ነል ከሆነ ከመደበኛው ግብአት መልስ የሚጠብቅ ትዕዛዝ ተንጠልጥሎ አይቀርም፣ አብዛኛውን ጊዜ ኤረር አውጥቶ ይወድቃል። ራንሰርቨርን ጨርሶ አያስነሳው፣ እሱ በባህሪው የማያልቅ ትዕዛዝ ነው፤ በሌላ ተርሚናል ራሳችሁ አስነሱት።

ክትትሉን በተመለከተ፦ ክላውድ ኮድን (የአንትሮፒክን ረዳት) የምትጠቀሙ ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ዶት ክላውድ፣ ከዛ ፕሮጀክትስ ስር ለየውይይቱ አንድ ጄሰን ኤል ፋይል አለ። ቴይል ማይነስ ኤፍ (አዲስ መስመር በተጨመረ ቁጥር የሚያሳይ ትዕዛዝ) አድርጉበትና የመጨረሻውን መስመር እዩ። መጨረሻው የትዕዛዝ ጥሪ ሆኖ ውጤት ከሌለው የተያዘው ማሽናችሁ ላይ ነው። ውጤቱ ተመልሶ የሞዴሉ መልስ ከሌለ ግን ኔትወርክ ወይም ሰርቨር ነው። ይቺን ሳያዩ ሪስታርት ማድረግ መፍትሄ አይደለም፤ እዚህ ላይ ያው ጥያቄ ያው ቦታ ላይ ይጠብቃት ነበር።

ሪስታርት
ገባኝ፣ አትጥቀሰኝ 😅

አፕል_በላሁ
እኔም ያው ችግር አለብኝ፣ ግን ማክ ነው። ስትሬስ የለውም።

ባለጥቁር_ስክሪን
በስትሬስ ፋንታ ዲትራስ አለ፣ የሲስተሙን መከላከያ ካላጠፋህ ግን ብዙም አይሰራም። ለዚህ ብለህ አታጥፋው። አክቲቪቲ ሞኒተር ክፈት፣ ፓይተኑን ምረጥና ሳምፕል ፕሮሰስ በለው። ከሚያወጣው ዝርዝር ታችኛው ጫፍ ላይ ሪድ ካለ ኤልሶፍ ማይነስ ፒ (ፕሮሰሱ የከፈታቸውን ፋይሎች የሚዘረዝር) በፕሮሰሱ ቁጥር አስኪድና 0 የሚለው ረድፍ ወዴት እንደሚያመለክት እይ። ፓይፕ ወይም ቲቲዋይ (ተርሚናል) ከሆነ ያንተም ያው ነው። ዴቭ ነል ከሆነ ጥያቄ እየጠበቀ አይደለም፣ ሌላ ቦታ ፈልግ። ታይምአውት የሚለው ትዕዛዝ ማክህ ላይ ከሌለ በሆምብሪው ኮርዩቲልስን ጫን፣ ጂታይምአውት በሚል ስም ታገኘዋለህ።

ቶና
እህተ ኮድ፣ ቴስቱ አለፈ?